ቤንዚን ነው ተብሎ ስለ ተፈረደበት የናፍጣ ሞተር

ድልብ ውኃ፣ የካቲት 18 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች ሽባባው ምህረቴ
የድልብ ውኃ ምክትል ወረዳ ገዥ
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የክብርት ባለቤትዎንና የመላ ቤተሰብዎን ደኅንነት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በተለይ እግርዎን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። ባለፈው ወር በሁለት በሬ ከሚጎተት መኪና ኋላ ከእንጅባራ ሜዳ እስከ ዋናው መንገድ በእግርዎ ሲጓዙ በዓይኔ ስላየሁ፣ እንደ እርስዎ ላለ ሹም የማይገባ ድካም ነው ብዬ እጅግ አዘንኩ። በዚያው ቀን ማታ ግን ከሐምሌ ወር ወዲህ ተኝቼ የማላውቀውን እንቅልፍ ተኛሁ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ የካቲት 9 ቀን በክቡርነትዎ ማኅተም የደረሰኝ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ በግቢዎ የቆመችውን ላንድሮቨር መኪና በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ጠግኜ እንዳስነሣ፣ ይህን ባላደርግ ግን በአለመታዘዝ እንደምጠየቅ ይገልጻል። መኪናዋ የእኔ መሆኗን፣ ካለፈው ዓመት ግንቦት ጀምሮ በክቡርነትዎ ውሳኔ ታስራ መቆየቷን፣ ያበላሿትም እርስዎ መሆንዎን ትእዛዙ አይጠቅስም፤ ወረቀቱ ጠብቦዎት ይሆናል። ስለዚህ የቀረውን እኔ ልሙላበት። ከዚህ ቀደም ሦስት ጊዜ በታሸገ ፖስታ አመልክቼ መልስ ስላላገኘሁ፣ ምናልባት ፖስታ መቅደድ ለክቡርነትዎ እጅ ከብዶ እንደሆነ በማሰብ ይህኛውን ሳላሽግ ልኬዋለሁ። አንዱ ቅጂ ነገ ቅዳሜ በገበያው መሐል ጮክ ተብሎ ይነበባል።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ስለ ምክትል ወረዳ ገዥ ግን የቀደሙት ሰዎች ምንም ስላላሉ፣ ክፍት ሆኖ ባገኘሁት በር ገብቼ አቤት ማለቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ወቅቱም ዐቢይ ጾም ስለሆነ ከአንደበቴ ክፉ ቃል እንዳላወጣ ለንስሐ አባቴ ቃል ገብቻለሁ። ከዚህ በታች የሚያነቡት ትሕትና ሁሉ ከእሳቸው የተገኘ ነውና ምስጋናው ለእሳቸው ይድረስ።

አንደኛ፤ ስለ መኪናዋ።

ክቡርነትዎ በሚገባ ያውቁኛል። ነገር ግን ገበያተኛው ሁሉ ስለማያውቀኝ፣ እኔ ክንዴ አድማሴ በመንገድ ሥራ ካምፕ ስድስት ዓመት በመካኒክነት ሠርቼ ወደ አገሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። መኪናዋ መሬት ሊለኩ መጥተው የነበሩ ፈረንጆች ሲሄዱ የሸጡልኝ አሮጌ ላንድሮቨር ናት። አብሯት የመጣው የቤንዚን ሞተር ከጠዋት እስከ ማታ የሚስል ሽማግሌ ነበር፤ ወንዝ ስትሻገርም ውኃ እሳቱን ያጠፋባትና መሐል ላይ ትቀራለች። በእኛ አገር ደግሞ በክረምት ወንዝ ሳይሻገሩ የሚደረስበት ቦታ የለም። የናፍጣ ሞተር ግን እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። እሳቱን የሚያገኘው አየር ጨምቆ እንጂ በሽቦ ስላልሆነ ውኃ ብዙ አይፈራም። ይህን ሳሰላስል ከርሜ፣ ካምፑ እንጅባራ ላይ አሮጌ ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ፣ መብራት ያመነጭ የነበረ ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ገዛሁ።

ሞተሩን ከዋናው መንገድ እስከ ድልብ ውኃ ያመጡት ዐሥራ ስድስት ሰዎች ናቸው። ክብደቱ ከሁለት ኩንታል ተኩል ጤፍ አያንስም። ስምንት ስምንት እየሆኑ፣ በአራት የቀርቀሃ አጣና ተሸክመው፣ አቀበቱን እየተቀባበሉ አንድ ቀን ተኩል ተጓዙ። ዋጋ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እንደ ወንፈል ቆጥረውት፣ በአጨዳ ጊዜ የተረዳ ሰው ተራውን ረድቶ እንደሚመልስ ሁሉ መኪናዋም ትመልሰዋለች አሉ። ቀጥቃጩ ደርበው ከተገለበጠ የጭነት መኪና ወፍራም ብረት ቆርጦ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያጋጥመውን ሳህን ሠራልኝ። ሳህኑ ሦስት ጊዜ አልገጥም ብሎ በአራተኛው ገጠመ። የፊቱ ባሌስትራ አዲሱን ክብደት መሸከም ቢያቅተው ሁለት ቅጠል ብረት ጨመርኩበት። ነገሩ ሁሉ ሰባት ወር ፈጀብን።

በሚያዝያ 1956 ዓ.ም. ሞተሩ ሲነሣ ደርበው አለቀሰ፤ እኔም ጥቁር ዘይት በፊቴ ላይ ባይኖር ኖሮ ማልቀሴ ይታወቅብኝ ነበር። ክቡርነትዎም በዚያን ቀን ተገኝተው፣ ይህ የድልብ ውኃ ሕዝብ ኩራት ነው ብለው መርቀውናል። ከክቡርነትዎ መሥሪያ ቤት ያገኘነው ብቸኛ እርዳታ ስለሆነ ምርቃቱን እስከ ዛሬ አልረሳነውም። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ለዐሥራ ሦስት ወር ሕመምተኛ ወደ ዳንግላ ስታወርድ፣ ጨውና ዘር ስታመጣ፣ ሙሽራም ስታደርስ ቆየች። ዐሥራ ስድስቱም ሰዎች ወንፈላቸው ተመለሰላቸው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሊብሬው።

በግንቦት 1957 ክቡርነትዎ ወደ ጫግኒ ለመውረድ ፈልገው መኪናዋን ላኩልኝ አሉ። እኔ ደግሞ በዚያው ጠዋት ከዛፍ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ሰው ጭኜ ወደ ዳንግላ ልሄድ ስለነበር፣ ለማግስቱ ይሁንልኝ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። የመንግሥት ሹም ከተሰበረ እግር በኋላ መሰለፉ አግባብ አለመሆኑን የተረዳሁት በሦስተኛው ቀን፣ ሊብሬህን ይዘህ ቅረብ የሚል መጥሪያ ሲደርሰኝ ነው።

ሊብሬው በእርግጥ ሞተሯ ቤንዚን ነው ይላል። የተጻፈው ፈረንጆቹ ወደ አገራችን ባስገቧት ጊዜ ነው። ሞተሩን በቀየርኩ ሳምንት መዝገቡ እንዲስተካከልልኝ ወደሚመለከተው እንዲተላለፍ ለክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት አመልክቼ ነበር፤ ማመልከቻውም ዐሥራ ሦስት ወር ሙሉ በጠረጴዛዎ ላይ አቧራውን ሲጠብቅ ቆይቷል። ክቡርነትዎ ግን በግቢው መኪናዋን ሳያስከፍቱ፣ ሞተሩን ሳያዩ፣ ሊብሬውን ብቻ አገላብጠው የሚከተለውን ወሰኑ። ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ፦ «ሊብሬው ቤንዚን ስለሚል መኪናዋ ቤንዚን መሆኗ ተረጋግጧል። ሌላ ሞተር ገብቶባታል የሚባለው ነገር ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስ በግቢ ታስራ ትቆይ።»

ይህ ውሳኔ በተሰማ ጊዜ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ የተረቱ ሰዎች አልጠፉም። እኔ ግን ገሠጽኳቸው። ተረቱ ሁለት ነገር ይጠራልና በዚህ ጉዳይ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው ብዬ አጥብቄ ተከራከርኩልዎ። አላመኑኝም፤ ቢሆንም መከራከሬን እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው።

በዚያው ሳምንት የመጀመሪያውን ማመልከቻዬን ጻፍኩ። ፍርዱን እንኳ ለጊዜው ትቼ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚህች መኪና ታንከር ውስጥ ቤንዚን ከቶ እንዳይጨመር። የናፍጣ ሞተር ፖምፓ በናፍጣው ልስላሴ እየተቀባ የሚሠራ ስለሆነ፣ ቤንዚን ካገኘው ደርቆ ብረት ከብረት ይበላላል። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ማመልከቻ ስጽፍ ይህንኑ ደገምኩ። ሦስቱም ገቢ ተደርገው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ቁጥሮቹ እኔ ዘንድ አሉ።

ሦስተኛ፤ ስለ እስራቷ አያያዝ።

በክቡርነትዎ ግቢ እስረኛ መሆን እንዴት ያለ ምቾት እንደሆነ ከመኪናዋ ተምሬአለሁ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ጫግኒ ትወርድ ነበር። አዘና ገበያ ላይ ታይታለች። ለቅሶ ደርሳለች፣ ክርስትና አንሥታለች፣ የሹሞች ግብዣ ላይ ውላለች። እስረኞችዎ ሁሉ እንዲህ ቢሆኑ እኔም በፈቃዴ መጥቼ እታሰር ነበር። ሲያሽከረክራት የከረመው የመሥሪያ ቤትዎ ሾፌር አየነው ነበር። አየነው ዕውቀት ያለው ሰው ስለሆነ፣ ምን እንደምትጠጣ እኔን ጠይቆ፣ ከዳንግላ በርሜል ናፍጣ እየቀዳ ዝም ብሎ ይሞላላት ነበር። ስምንት ወር ያህል በደኅና የኖረችው በእሱ ዝምታ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ሐምሌ 20 ቀን።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢቀንስ ይታገሡኝ።

ማክሰኞ ሐምሌ 20 ቀን 1957 ዓ.ም. ጠዋት ባለቤቴ የሻረግ በምጥ ላይ ነበረች። የመጀመሪያ ልጃችን ነበር። አዋላጇ ልጁ በጎኑ እንደ መጣና ዳንግላ ካልደረሰች በእሷ እጅ የሚሆን ነገር እንደሌለ ነገረችኝ። ዝናብ እየዘነበ እንኳ በመኪናዋ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነው። ወደ ግቢዎ ሮጥኩ። መኪናዋ ዝግባው ሥር ቆማ ነበር፤ ከበሩ ሆኜ አያታለሁ። ዘበኛው አላስገባም ስላለኝ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ጮህኩ። ክቡርነትዎ ጋቢዎን ደርበው ወደ በረንዳው ወጡ። የምለምነው መኪናዬ እንድትፈታልኝ ሳይሆን ለግማሽ ቀን ብቻ እንድትሰጠኝ እንደሆነ፣ ከፈለጉም የእርስዎ ዘበኛ አብሮ እንዲሄድና ይዟት እንዲመለስ ነገርኩዎ። የመለሱልኝን ቃል አንድም ሳልጨምር አንድም ሳልቀንስ እነሆ፦

«መኪናዋ እስረኛ ናት። እስረኛ ያለ ፍርድ አይፈታም። ዛሬ ላንተ ብፈታ ነገ ለማን ልከለክል ነው?»

ይህን ብለው ገቡ። ሞተሩን የተሸከሙልኝ ሰዎች ወዲያው ተሰብስበው በቃሬዛ አነሧት። ወንዙ ሞልቶ ነበርና እስኪጎድል ድረስ ዳር ላይ ብዙ ቆየን፤ መኪናዋ ብትሆን ኖሮ ያን ወንዝ ታልፈው ነበር፤ ሞተሩን የቀየርኩትም ለዚሁ ነበር። ዳንግላ የደረስነው ረቡዕ ቀትር ላይ ነው። ድሬሰሩ የሻረግን በሕይወት አወጣልኝ፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው። ልጁን ግን አላገኘውም። ትናንት ብትደርሱ ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ወንድ ነበር። ክርስትና አልተነሣም፣ ስም አልወጣለትም፤ ስለዚህ በየትኛውም መዝገብዎ ቢፈልጉ አያገኙትም። እኔና እናቱ ግን እናውቀዋለን።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሐምሌ 25 ቀን እስረኛዋ መኪና ክቡርነትዎንና ሁለት ሙክት ጭና ወደ ጥሊሊ ተዝካር ሄደች። በአምስት ቀን ውስጥ ፍርድ እንዴት እንደ ተሰጣት ለማወቅ ፋይሏን ለማየት አመልክቼ አልተፈቀደልኝም።

በትሑት ቋንቋ ልጽፈው ብዙ ደክሜ ስላልሆነልኝ እንዲሁ ልጻፈው፤ ክቡር ሆይ፣ እጠላዎታለሁ። የንስሐ አባቴ ጾሙ እስኪያልቅ እንድታገሥ መክረውኛል። የመከሩኝ ክፉ ቃል እንዳልናገር ነው፤ እውነት እንዳልናገር ግን አልከለከሉኝም።

አምስተኛ፤ ስለ ሾፌሩ ስለ አየነው።

ባለፈው ጥር ወር መጀመሪያ ክቡርነትዎ የነዳጅ ደረሰኞችን ሲመረምሩ ሁሉም ናፍጣ የሚሉ ሆነው አገኟቸው። ይህን ያህል የሚመረምር ሹም ማግኘታችን በራሱ የሚያኮራ ነው። አየነው ተጠርቶ፣ መኪናዋ ናፍጣ ነው የምትጠጣው ብሎ እውነቱን ነገረዎ። ኑ፣ ኮፈኗን ከፍተን እንይም አለዎ። ክቡርነትዎ ግን ለቤንዚን መኪና ናፍጣ የሚቀዳ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ እብድ ነው ብለው ከሥራው አስወጡት፤ ሁለት ሳምንትም አሰሩት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አየነው አምስት ልጆች አሉት፤ አሁን በአማቹ ማሳ ላይ የሰው በሬ ይጠምዳል።

ጥር 22 ቀንም ከታንከሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ ተደፍቶ፣ በሊብሬው መሠረት ንጹሕ ቤንዚን እንዲሞላባት በጽሑፍ አዘዙ። ትእዛዙ ቁጥርና ማኅተም አለው። በአገራችን አንድ ሞተር ምን መጠጣት እንዳለበት በደብዳቤ ሲታዘዝ ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ ሞተሩ ግን ማንበብ አይችልም ነበር።

ስድስተኛ፤ ስለ ጥር 23 ቀን።

ጥር 23 በእንጅባራ የፈረሰኞቹ የጊዮርጊስ በዓል መሆኑን የአገው ልጅ ሁሉ ያውቃል። ክቡርነትዎ ዳሱ ሥር ከተቀመጡት ታላላቅ እንግዶች ፊት በመኪና ለመድረስ ወስነው በማለዳ ተነሡ። በአየነው ፋንታ መሪ የጨበጠው ቀድሞ የበቅሎዎ ጠባቂ የነበረው ዘበኛ ነው። መኪናዋ ቧንቧው ውስጥ በቀረው ናፍጣ ተነሣች። ጥቂት እንደሄደች ቤንዚኑ ሲደርሰው ሞተሩ በውስጡ ቀጥቃጭ የገባ ይመስል መደብደብ ጀመረ። አብረውዎ የነበሩት ሲፈሩ፣ ክቡርነትዎ ቤንዚኑ ጉልበት ጨመረላት ብለው ደስ እንዳለዎት ሰምቻለሁ። ታላቅ ሰው በመከራ ጊዜ የሚያሳየው መረጋጋት ይህ ነው። ሞተሩም ያን ሁሉ መንገድ እየተደበደበ መድረሱ የደርበውን እጅ ያስመሰግናል።

እኔ በሜዳው ጠርዝ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ነበር። ድምፁን ገና ከሩቅ ሰምቼ ፖምፓው እየደረቀ መሆኑን አወቅሁ። ፈረሰኞቹ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው፣ ሊጋልቡ ልጓም ሰብስበው ነበር። ክቡርነትዎ በዳር መዞር ሲችሉ በሁለቱ ረድፍ መሐል እንዲገባ ዘበኛውን አዘዙት። ልክ በመሐሉ፣ ከዳሱ ፊት ለፊት፣ መኪናዋ ነጭ ጭስ ተፍታ፣ አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጣ ቀጥ አለች። ፈረሶቹ ደነበሩ፤ ግልቢያው ቆመ። ዘበኛው ሞተሪኖውን እስኪደክም ድረስ ቢያዞረው ምንም የለም። እንግዶቹ በጨዋነት ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመለከቱ ነበር። ፈረሰኞቹ ግን አገር የእነሱ ነውና ወደ እርስዎ ይመለከቱ ነበር።

ከአጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩና ረድፉ በሙሉ ሳቀ። ክቡርነትዎ አገውኛ ስለማይሰሙ ምን እንዳሉ ጠይቀው እንደነበር አውቃለሁ። በጾም ስለማይተረጎም ከፋሲካ በኋላ ጽፌ እልክልዎታለሁ። ከዚያ ከአቅራቢያው ገበሬ ሁለት በሬ ከነቀንበሩ መጣ፤ መኪናዋም ተጠምዳ ተጎተተች። በውስጧ ተቀምጠው ሊጎተቱ ቢፈልጉ፣ የበሬዎቹ ባለቤት ይከብዳቸዋል ብሎ አስወረደዎ። እኔ የሠራሁት ሞተር ሲሞት ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ክቡር ሆይ፣ ደስ አለኝ። እልል ያላልኩት የንስሐ አባቴ ከጎኔ ስለነበሩ ብቻ ነው።

ሰባተኛ፤ ስለ አሁኑ ትእዛዝ።

እንግዲህ የካቲት 9 ቀን የደረሰኝ ትእዛዝ «የናፍጣ ሞተሩን ፖምፓ ጠግነህ» ይላል። ክቡርነትዎ በግንቦት ወር በዚህች መኪና ውስጥ ያለው የቤንዚን ሞተር መሆኑን አረጋግጠው ፈርደዋል። ፍርዱ አልተሻረም። ስለዚህ እኔ እንደ ሕግ አክባሪ ዜጋ፣ በፍርድ ቤንዚን በሆነ ሞተር ላይ የናፍጣ ፖምፓ ፈልጌ ብጠግን ውሳኔዎን መናቅ ይሆንብኛል። መኪናዋ ቤንዚን ከሆነች አራት ካንዴላዎች ሊኖሯት ይገባል። ዘበኛዎ ካንዴላዎቹን ፈልጎ ያሳየኝና አሁኑኑ እጠርግለታለሁ።

ባለመታዘዝ ያስሩኛል ብዬ አልሠጋም። የዚህ ሞተር ሳህን እንዴት እንደተጋጠመ፣ የትኛው ብሎን ከየትኛው መኪና እንደመጣ የምናውቀው እኔና ደርበው ብቻ ነን። ከእንጅባራም ከዳንግላም ሁለት መካኒኮች አስመጥተው፣ ሁለቱም ኮፈኑን ከፍተው አይተው ዘግተው መሄዳቸውን ሰምቻለሁ። ቢያስሩኝም ሞተሩ በዚያው ልክ ታስሮ ይቀመጣል።

ትእዛዙ መኪናዋ የምትፈለገው «ለመንግሥት ሥራ» እንደሆነ ይገልጻል። ወረቀቱን ያስረከበኝ ጸሐፊዎ ግን የሆነውን ነገር በቃል ነግሮኛል፤ እሱን እንዳይቆጡት፣ አዝኖልዎት ነው። ልጅዎ ወይዘሮ ስሜነሽ እንደ አገራችን ወግ የመጀመሪያ ልጇን በአባቷ ቤት ልትወልድ መጥታለች። ቀኗም ለፋሲካ ነው። አዋላጇ ሆዷን ዳስሳ ፊቷን አጥቁራለች፤ ክቡርነትዎም እህል አልበላ ብሎዎታል። ልጅ መውለድ የመንግሥት ሥራ መሆኑን ሐምሌ 20 ቀን አላወቅሁም ነበር። ባውቅ ኖሮ ያን ቀን በበርዎ ላይ ስለ የሻረግ ሳይሆን ስለ መንግሥት እለምንዎ ነበር።

ወይዘሮ ስሜነሽ ምንም አልበደለችኝም። ስለዚህ የሚከተለው በክቡርነትዎ ከተፈጸመ ሞተሩን በስምንት ቀን አስነሣለሁ። መጀመሪያ፣ የግንቦቱ ውሳኔ ተሽሮ፣ በዚያች መኪና ውስጥ ያለው የናፍጣ ሞተር መሆኑን ክቡርነትዎ ራስዎ በቅዳሜ ገበያ ቆመው፣ በአዋጅ ነጋሪ አፍ ሳይሆን በገዛ አፍዎ ለሕዝብ እንዲናገሩ። ቀጥሎ፣ አየነው ሌባም እብድም አለመሆኑ በዚያው ቦታ ተነግሮ ወደ ሥራው እንዲመለስ። ከዚያም ሊብሬው ተስተካክሎ መኪናዋ በደጃፌ እንድትቆም። በበሬ ብትመጣም ቅር አይለኝም፤ መንገዱን በሬዎቹ ለምደውታል። ለልጄ ስለሚደረገው ነገር ምንም አልጠየቅሁም፤ ክቡርነትዎ የሚመልሱት ነገር ስለሌለዎት ነው።

ከሠላምታ ጋር፣ በክቡርነትዎ በረንዳ ፊት ጉልበቱ ጭቃ የነካ፣ ጭቃውን ከሱሪው ላይ ያጠበ፣ ከልቡ ግን ያላጠበ፣ ሹመትዎ በድልብ ውኃ እስካለ ድረስ የሠሩትን ሁሉ ከነቀኑና ከነቁጥሩ ለማስታወስ ዘወትር ዝግጁ የሆነ ታማኝ ባለጉዳይዎ፣

ክንዴ አድማሴ
መካኒክ

ግልባጭ፦
ለድልብ ውኃ ቅዳሜ ገበያ፣
ሞተሩንና የሻረግን ለተሸከሙት ዐሥራ ስድስት ሰዎች፣
ለቀጥቃጩ ለደርበው፣
ለአየነው፣
ለእንጅባራ ፈረሰኞች፣
መኪናዋን ለጎተቱት ሁለት በሬዎች፣ በባለቤታቸው በኩል።

ድኅረ ጽሑፍ፦ መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ቁልፏ እኔ ዘንድ አይቀመጥም፤ ለየሻረግ ሰጥቻታለሁ ብለው ይቁጠሩት። የወይዘሮ ስሜነሽ ቀን ሲደርስ ዘበኛ ወይም ጸሐፊ እንዳይልኩ። ራስዎ ወደ ቤታችን መጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው የሻረግን ይጠይቋት። ምን እንደምትመልስልዎ አላውቅም፤ እኔም እስካሁን አልጠየቅኋትም።